ስሟ ያልተጠራላት እንግዳ

በፊሊፒንስ በቪጋን ከተማ፣ በስፔኖች ዘመን በተሠራው መንገድ ላይ ጋሪ ከነዱት ሁሉ እንደ ባልዶሜሮ ጠንቃቃ አላየሁም። ከመንገዱ አፍ ላይ ሳንቡሳ ስሸጥ አርባ ዓመቴ ነው፤ ዓይኔ ብዙ አይስትም። እንግዳ ከጋሪው ሲወርድ ስሙን ይጠይቅና ፊቱን ወደ አሮጌዎቹ ቤቶች አዙሮ፣ «እገሌ፣ ና እንሂድ፣ እዚህ እንዳትቀር» ይላል። ነፍስ ደስ ባላት ቦታ እንዳትቀር እንዲህ ትጠራለች። ቱሪስቶቹ ትርኢት መስሏቸው ይስቃሉ። እኛ አንስቅም።

አምና ሚስቱ ሴቬሪና አልጋ ያዘች። ሐኪሙ እርጅና ነው አለ። ዓይኗ ይገለጣል እንጂ ሰው አይለይም፤ ካጎረሷት ትውጣለች። ባልዶሜሮ ጋሪውን አቁሞ አጠገቧ ዋለ። ያኔ ነው ወሬው የተነሳው። ባለጋሪዎቹ አመሻሽ ላይ፣ ከአሮጌዎቹ ቤቶች የዛጎል መስኮቶች ሥር፣ ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ቆማ አይተዋል፤ ፈረሶቹም በዚያ አላልፍ ይላሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሱ ብቻ አልሰማም። እኔም አየኋት። ሴቬሪና ናት፤ የሃያ ዓመት ልጅ ሳለች እንደነበረችው። ሳንቡሳዬን ጥዬ ሮጥኩ፤ ፈራሁ ብል አላፍርም።

በቀጥታ ቤቱ ሄጄ፣ «ማኖንግ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ለአገሩ ሁሉ ትጠራ የለ? ለሚስትህ ምነው ሰነፍክ?» አልኩት።

«አውቄ ነው ያልጠራኋት» አለኝ።

ነገሩን ያኔ አጫወተኝ፤ ሴቬሪና በወጣትነቷ፣ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ፣ ካንዶን ከሚባለው ከተማዋ ለአንድ ቀን ጉብኝት መጥታ ጋሪው ላይ ስትሳፈር ወደዳት። ነፍሷ እዚህ ቀርታ እንድትመልሳት ብሎ ስሟን ሳይጠራ ሸኛት። በሳምንቱ መጣች፤ ተጋቡ።

«አሁን ብጠራት ትሄድብኛለች» አለ።

ደሜ ፈላ። የሰው ነፍስ አግተህ ፍቅር ትለዋለህ ወይ ብዬ የአፌን ነገርኩት።

በማግስቱ አመሻሽ መንገዱ ላይ ቆሞ፣ «ሴቬሪና፣ ነይ እንሂድ፣ እዚህ እንዳትቀሪ» አለ። ቤት ስንመለስ ተነስታ ፀጉሯን ስታበጥር አገኘናት። ዓይኗ ጠርቷል። ባሏን ግን፣ ዛሬም ያች የአንድ ቀን እንግዳ የሆነች ይመስል፣ እንደማንኛውም ባለጋሪ አየችውና፣ እናቷ ሳትቆጣ አውቶቡሱ ጋ እንዲያደርሳት ለመነችው። እህቷን ከካንዶን አስጠርቶ፣ ሁለቱንም በጋሪው አውቶቡሱ ጋ አደረሳቸው።

ካንዶን ገብታ ትበላለች፣ ትስቃለች አሉ። ባለፈው ወር ሊጠይቃት ሄደ። እህቷ እንደነገረችኝ፣ ለእንግዳ እንደሚገባ ሩዝና ዓሣ አቀረበችለት። ሊሄድ ሲነሳ በር ድረስ ሸኘችው።

«ስምዎን ይንገሩኝና ልጥራልዎት፤ ነፍስዎ እዚህ እንዳትቀር» አለችው።

አልነገራትም።

አሁን ጋሪው ላይ ተቀምጦ በፊቴ ሲያልፍ ሰላም እለዋለሁ፤ ዓይኑ ይገለጣል እንጂ እኔን አይለየኝም። መንገዱን የሚያውቀው ፈረሱ ነው።