የጋሽ ጉልላት አሻራ

ጋሽ ጉልላትን «ምስኪን» የሚል ሰው ከእኔ ጋር ይጣላል። ምስኪን አይደሉማ! ሁለት እጃቸውን የክር ፋብሪካ ማሽን ወስዶባቸዋል፣ እውነት ነው። ኮልፌ፣ መንግሥት ለአካለ ስንኩላን በከፈተው ቤት አብረን ስንኖር፣ እግሬ አልታዘዝ ያለኝ እኔ ሸዋገነት ነበርኩ የማጎርሳቸው። እሳቸው ግን በመሠረተ ትምህርት ጊዜ እርሳስ በጥርሳቸው ይዘው ፊደል ቆጠሩ። ያኔ «አበዱ» ያለው ሁሉ በኋላ ደብዳቤ አጽፏቸዋል።

በ1974 ክረምት የቤቱ ሥራ አስኪያጅ ሰብስበውን፣ «በራሳቸው መብላት የማይችሉ ክፍለ ሀገር ወዳለው ቤት ይዛወራሉ» አሉ። የጋሽ ጉልላት ስምም ተጠራ። እዚያ ማን ሊያጎርሳቸው ነው?

«እኔ ዕቃ ነኝ? ማን ጠየቀኝ?» አሉ ጋሽ ጉልላት።

«ፈቅደዋል እኮ! ፋይልዎ ውስጥ አለ።»

በማግስቱ ክሱን በጥርሳቸው ጻፉና ወደ ቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ሄድን። እኔ በተሽከርካሪ ወንበሬ፣ እሳቸው በደረታቸው እየገፉኝ፣ ያንን ጭቃ ተያያዝነው። «ሸዋዬ፣ ዳገቱ ላይ እንዳታስነጥሺ፣ አብረን ነው የምንንከባለለው» ሲሉኝ በዚያ ጭንቀት መሀል አሳቁኝ።

የሸንጎው ሰብሳቢ ወይዘሮ ካሳነሽ፣ ሥራ አስኪያጁ ተጠርተው ያመጡትን ፋይል አነበቡ። «መዛወሬን ፈቅጃለሁ ይላል። ከሥሩ የአውራ ጣት አሻራ አለ።» ቀና ብለው የጋሽ ጉልላትን ባዶ እጅጌ አዩ። እንደገና ወረቀቱን አዩ።

«ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ ይሄ ጣት የማን ነው?»

ጉድ ፈላ! ሰውየው ላብ አጠመቃቸው። «የቤቱ ጸሐፊ... የሁሉንም በአንድ ቀን በራሱ ጣት ሲያትም...» የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ እኔ ግን በንዴት አለቀስኩ።

ጋሽ ጉልላት አልሳቁም። «አፍ አለኝ፤ ብትጠይቁኝ አልፈልግም እላችሁ ነበር» አሉ።

ሸንጎው ጋሽ ጉልላትም ሆኑ ሌላ ነዋሪ፣ ራሱ ተጠይቆ ካልፈቀደ ከቤቱ እንዳይነሳ ወሰነ። ውሳኔውን ሊሰጣቸው የመጣው የሸንጎው ጸሐፊ እንደ ልማዱ የቀለሙን ሳጥን ገፋ አደረገላቸው። «እዚህ ጋ ጣትዎን...» ብሎ ደነገጠ።

«እስክሪብቶ አምጣ፣ ልጄ።»

ነከሱት። ጎንበስ ብለው «ጉልላት ገብረአምላክ» ብለው እስከ አባታቸው ድረስ ጻፉ። ኩራቴን የማደርግበት ጠፋኝ! እስክሪብቶውን ከአፋቸው ተቀብዬ፣

«በሉ ጋሼ፣ ምሳ ሳይቀዘቅዝ ቤታችን እንሂድ» አልኳቸው።