ወደ ጥርባ የተላከው ደብዳቤ

የልጅ ልጄ ሰሞኑን በስልኳ ስፓንኛ ትማራለች። ትናንት አልጋዋ ላይ ተጋድማ "ቢቦ ኤን ኢንጅባራ" እያለች ስትደጋግም፣ "የምኖረው ኢንጅባራ ነው ማለት ነው" ብላት አፏን ከፍታ ቀረች። እኔን ግን አናደደኝ፤ ይህ ንዴት ስልሳ ዓመት አልፎትም አልበረደልኝም።

ዳንግላ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ እንግሊዝኛ የሚያስተምረን ፈረንጅ ስፓንኛም ያውቅ ነበርና፣ ስፔን ውስጥ በየከተማው ከሚያስተምሩ ወዳጆቹ ተማሪዎች ለእያንዳንዳችን የብዕር ጓደኛ አገኘልን። ለእኔ ሉሲያ የምትባል ልጅ ደረሰችኝ። ስማችንን፣ ዕድሜያችንንና የምንኖርበትን በስፓንኛ መጻፍ ከሰሌዳ እየገለበጥን ተማርን፤ "ቢቦ ኤን ዳንግላ"ን ውኃ ልቀዳ ስወርድ ሳይቀር እለማመዳት ነበር። ደብዳቤውን አሳምሬ ልጨርሰው ብዬ ለፋሲካ ዕረፍት ገጠር፣ ጥርባ አባቴ ቤት ይዤው ሄድኩ። ጥፋቴ ይኸው ነው።

አባቴ ፊደል ባይቆጥርም እያንዳንዱን መስመር በአዊኛ አስተረጎመኝ። ዳንግላ እኖራለሁ የሚለው ላይ ስደርስ ፊቱ ጠቆረ። በእኛ ዘንድ ልጅ የሚኖረው አባቱ ቤት ነው፤ ከጓደኞቼ ጋር የተከራየኋት የዳንግላ ክፍል፣ ከቤት የተሸከምነውን ስንቅ እየበላን የምናድርባት ማረፊያ እንጂ ቤት አልነበረችም።

"አባትህ ቆሞ እየሄደ፣ በሰው ቤት እኖራለሁ ብለህ ለባዕድ ትጽፋለህ?" አለኝ።

ዳንግላን ሰርዤ ጥርባ አልኩ። የትምህርት ቤቱን የፖስታ ሣጥን ቁጥርም፣ ዳንግላ የሚል አለበትና፣ አስፋቀኝ። የሉሲያን አድራሻ የያዘችውን ብጣሽ ወረቀት ፖስታው ላይ ለጥፌ ላክሁት።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ላይ ዳንግላ ስመለስ ጓደኞቼ ፎቶግራፍና ቴምብር ያሳዩኝ ጀመር። እየሮጥኩ ፖስታ ቤት ሄድኩ። "ጥርባ የሚል መጥቶ ነበር፤ ባለቤት ቢታጣ መለስነው" አለኝ ሠራተኛው። አስተማሪያችንም አገሩ ገብቶ ነበር፤ አድራሻዋን ከማን ልጠይቅ?

ለአባቴ ስነግረው ቅንጣት አልተጸጸተም። "ታዲያ ጥርባ ካለ ለምን ጥርባ አላመጡትም? ቤቴን የማያውቅ አለ?" አለ። ፖስታ እዚያ ድረስ እንደማይሄድ ባስረዳው ባስረዳው፣ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ።

አባቴ ካረፈ ብዙ ዘመን ሆነው፤ ቤቱም ፈርሶ ቦታው ለከሰል የሚቆረጥ ዛፍ በቅሎበታል። ዛሬ ጥርባን አይቶ የማያውቅ ሰው ስለዚያ ቤት የሚጠይቀኝ የለም። አንዲት ልጅ፣ ሉሲያ፣ ብቻ ጥርባ ብላ ጽፋልኝ ነበር፤ ምን እንዳለችኝ ሳላውቅ አረጀሁ።