ማናዬን ምች አልመታትም

ማናዬን የማያውቅ ሰው ከላፍቶ ጉልት ሽንኩርት ገዝቶ አያውቅም ማለት ነው። በልጅነቷ ከቡልጋ መጥታ፣ ሰው ቤት አድጋ፣ የታክሲ ሹፌሩን ወጋየሁን አግብታ፣ መንገድ ዳር ጆንያ አንጥፋ ሽንኩርትና ድንች ስትቸረችር የኖረች ሴት ናት። እኔ አጠገቧ ቲማቲም ስለምሸጥ ከማንም በላይ አውቃታለሁ። ረጋ ያለች ናት ይሏታል። አዎ፣ ረጋ ያለች ናት፤ ቂሟም እንደዚያው ነው።

ነገሩ የተጀመረው በሰማንያ ስምንት ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ነው። ማድያት ወጣባት። የስንቷ እናት ፊት ላይ የሚወጣ ነገር ነው፤ ከፀሐይ ብትጠለል ቀስ እያለ ይደበዝዝ ነበር። ግን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚቀመጥ ሰው ምን መጠለያ አለው? እየጠቆረ ሄደ። የእንቁላል ነጭ ተቀባች፣ ሎሚ አሸች፤ በሎሚው ላይ ፀሐይ ሲጨመርበት ጭራሽ ባሰባት። ደንበኛው ሁሉ ድንቹን ትቶ ፊቷን ያይ ጀመር።

ይኼኔ ነው የባሏ እህት አስቴር የደረሰችላት። አስቴር ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ፀጉር ቤት ነበራት። ጓዳዋ ውስጥ የምትቀምመውን ስም የሌለው ነጭ ቅባት በትንንሽ ብልቃጥ እየሞላች ለሴቱ ሁሉ ትሸጣለች። ከምን እንደምትሠራው ሲጠይቋት ትስቃለች። ማናዬም ማታ ማታ ተቀባች። መጀመሪያ ፊቷ እንደ እንቁላል ጠራ፤ ሰው ሁሉ ምን ተቀብተሽ ነው እያለ ይጠይቃት ነበር። ከዚያ ቀላ፣ ቆሰለ፣ ውሃ ቋጠረ።

አስቴር መጥታ አየቻትና ምች ነው አለች። በልተሽ ወዲያው ፀሐይ ላይ ወጥተሽ ነው፣ ዳማ ከሴ ጨምቀሽ ተቀቢበት፣ ቅባቱን ግን እንዳታቋርጪ ብላት ሄደች። ምች ሲባል ማን ይጠራጠራል? ጎረቤቱ ሁሉ ዳማ ከሴ ከየአጥሩ እየቀጠፈ አመጣላት። ቀን የቅጠሉን ጭማቂ፣ ማታ የአስቴርን ቅባት ስትቀባ ከረመች። ቁስሉ ሲደርቅ ቀኝ ጉንጯ ከሰል መስሎ ቀረ። ወጋየሁም ሲተኛ ፊቱን ወደ ግድግዳው ማዞር ጀመረ።

በመጨረሻ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ ገና እንዳያት ምን ተቀባሽ አላት። ብልቃጡን አሳየችው። ያቃጠለሽ ይኼ ነው፣ ምች እዚህ ውስጥ የለበትም አለ። ሁሉንም እንድታቆም፣ ፊቷን ሳትፈትግ በለብ ያለ ውሃ ብቻ እንድትታጠብ፣ ሎሚ የሚባል እንዳታስጠጋ፣ ከፀሐይም እንድትጠለል አዘዛት። ጃንጥላ ገዝታ ከጆንያዋ ጎን ተከለች። ቁስሉ ዳነ፤ ጥቁረቱ ግን ፈዘዘ እንጂ አልለቀቃትም።

ብልቃጡን ይዛ አስቴር ጋ ሄደች። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አጥፍቻለሁ እንድትላት። አስቴር ግን ፀጉር በሚሠሩት ሴቶች ፊት ሳቀችባት። ሐኪም ስለ ምች ምን ያውቃል አለች። ከዚያም ቤት ለቤት እየዞረች፣ ወንድሜ ያገባት ጥንቃቄ የማታውቅ የጉልት ሴት ስሜን ታጠፋለች ብላ አወራች። ወጋየሁም እህቱን አመነ። ማናዬ የምር የተቃጠለችው ያኔ ነው።

ይባስ ብሎ ለበዓል እንኳን አደረሳችሁ ልትል አስቴር ቤት ስትሄድ ያየችውን ነገረችኝ። የአስቴር ልጅ ናዝሬት ብጉር ወጥቶባታል። እናቷ አስቀምጣት ፊቷን ንጹሕ ማር ትቀባታለች፤ በጥፍርሽ አታፍርጪው፣ የትራስሽን ልብስ ቶሎ ቶሎ እጠቢ እያለች ትመክራታለች። ልጅቷ ያንን ነጭ ቅባት ብትለምን ወይ ፍንክች።

"ለልጇ ማር፣ ለኔ እሳት" አለችኝ ማናዬ። "ታውቅ ነበር።"

እኔ ብሆን ያንን ፀጉሯን እነጭላት ነበር። እሷ ግን ጠበቀች።

የገብርኤል ጽዋ ማህበር አለን። በየወሩ በተራ እየደገስን እንጠጣለን። ቂም የያዘ ሰው ጽዋውን አይነካም፤ ለካህኑ ተናግሮ፣ ታርቆ ነው የሚጠጣው። ማናዬ የአስቴር ተራ እስኪደርስ ጠበቀች። እስከዚያው በየወሩ ሰበብ እየፈለገች ትቀር ነበር።

ቀኑ ደረሰ። የአስቴር ቤት ጢም ብሏል፤ ከማህበርተኞቹ ግማሾቹ የቅባቷ ደንበኞች ናቸው። ዳቦው ተባርኮ ጽዋው ዞረና ማናዬ ጋ ደረሰ። አልተቀበለችም።

"ቂም አለብኝ፣ አባ" አለች።

አባ ገብረ መድኅን ከማን ጋር እንደሆነ ጠየቋት። ከቤቱ ባለቤት ጋር ነው ብላ ሁሉንም በዝግታ ተናገረች። አስቴር የጠላ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ሳቀች። ቅባቱን ሕፃን ቢቀባው እንኳ እንደማይጎዳ በገብርኤል ስም ማለች።

ማናዬ ከነጠላዋ ሥር ብልቃጡን አውጥታ ከፈተች። አስቴርን ዞር ብላም አላየቻት።

"ነይ ናዝሬትዬ፣ ስትለምኚው የነበረው ይኸውልሽ፤ ብጉርሽን ልቀባልሽ" አለች።

ልጅቷ ደስ ብሏት መጣችና ጉንጯን ሰጠች። ማናዬ ጣቷን ነከረች። ልትቀባት ስትል ማንቆርቆሪያው ወለሉ ላይ ተከሰከሰ፤ አስቴር ዘላ መጥታ እጇን ጨምድዳ ያዘች።

"ልጄን ተያት፤ ፊቷ ይቃጠላል" አለች።

አስቴር ከአፏ የወጣውን የሰማችው ከኛ በኋላ ይመስለኛል። ማናዬ እጇን አስለቀቀችና ጣቷ ላይ ባለው ቅባት የራሷን ጉንጭ ጠባሳ ቀባች።

"ቫዝሊን ነው" አለች። "ያንቺን ደፍቼ ብልቃጡን ካጠብኩት ቆየሁ። እኔ በሰው ልጅ ፊት አልጨክንም።"

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አስቴር ጉልበቷ ላይ ወድቃ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ አለች። አባም ይቅር በያት አሉ። ማናዬ ቁልቁል አየቻት፤ ወጋየሁ ፊቱን ወደ ግድግዳው ከማዞሩ በፊት እሷን ያያት በነበረው ዓይን ነበር ያየቻት። ከዚያ ይቅር ብያለሁ አለችና ጽዋውን ተቀብላ ጨለጠችው። ተሞልቶ ሲመጣም አጠገቧ ለተቀመጠችው፣ ያንን ቅባት ከሁላችንም ቀድማ ለገዛችው ለንግስት አቀበለች።

ንግስት እጇን አልዘረጋችም። ሁልጊዜ እስከ ዓይኗ የምትከናነበውን ነጠላ ቀስ ብላ ከጠቆረ ጉንጯ አወረደች።

"እኔም ቂም አለብኝ፣ አባ" አለች።