የታዳላ እግር ሲቃና

በሊምቤ ገበያ ልብስ የምትሰፋው ታዳላ፣ የግራ እግሯ መሃል ወደ ላይ ጎብጦ፣ ተረከዙም ወደ ውስጥ ዞሮ ስለነበር፣ በውጪ ጠርዙ ብቻ ነበር የምትረግጠው። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ጭቃው ላይ ወለም ይላታል። የአጥንት ሐኪሙ፣ «እግርሽን አቃንተን አጥንቶቹን እርስ በርስ እናያይዛቸዋለን» ብሏት ስትመለስ፣ አጠገቧ የሚሰፉት ሽማግሌው ቺምዋላ ሰምተው ሳቁ።

«እግርሽ የመጥረቢያ እጀታ ሊሆን ነዋ! የስፌት መኪናሽን በምን ልትረግጪ ነው?»

«እሱን እጠይቃለሁ አባባ፤ እርስዎ ቁልፍዎን ይትከሉ!»

ጠየቀች። ሐኪሙ እግሯን ይዞ ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ዝቅ አደረገው። «ይሄን መገጣጠሚያ አንነካውም፤ የምናያይዘው ወደ ጎን የሚጥልሽን ነው።»

«እንግዲያውስ ያያይዙት!»

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የታሰረላት ጄሶ ሲፈታ ተረከዟ መሬት ላይ ልክ ተቀመጠ። የእግር ልምምዱ አስለቀሳት እንጂ አላሸነፋትም። ጎርበጥባጣ መንገድ ዛሬም አይመቻትም፤ ዞራ ትሄዳለች። ወደ ሥራዋ በተመለሰች ቀን ግን መኪናዋ ሳያቋርጥ ተንጣጣ። ቺምዋላ አንገታቸውን አስግገው አዩና፣ «አንቺ ልጅ፣ ደንበኞቼን ልትወስጂብኝ ነው የመጣሽው?» አሏት።

«ቀሚስ የሚያሰፉትን ብቻ፤ ሱሪው ለእርስዎ ይቅር» አለቻቸውና ክሯን በጥርሷ በጠሰች።