ጅማ ላይ ሰው አልነበረም

ባለፈው ሳምንት ከእናቴ ጋር ጅማ መናኸሪያ ቆመን የቦንጋ መኪና እስኪሞላ ስንጠብቅ፣ አንድ ረዳት «ወራቤ፣ ወራቤ» እያለ አጠገቤ አለፈ። ብርቱካን ልልጥ ነበር፤ እጄ ላይ ቀረ። የልጅነት ጓደኛዬ ሃያት ትዝ አለችኝ።

አሁን አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ያኔ አሥራ ሦስት ነበርን። የሃያት አባት ቦንጋ ገበያ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። ከትምህርት ስንወጣ፣ ዝናብ ያራሰውን ቀሚሳችንን እየጨመቅን ጋሽ ታምራት ፎቶ ኮፒ ቤት እንገባና፣ ሁለቱ አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ብሎክ እየደረደሩ ቤት የሚሠሩበትን ጨዋታ እንጫወታለን። በጨዋታው ውስጥም ኮምፒውተር ይሠራል፤ ሽቦ አልባ ሞደም ከተገጠመለት ሩቅ ላለው ጓደኛው መልእክት ይልካል።

ክረምቱ ሲገባ የሃያት ቤተሰቦች ወደ አገራቸው ወደ ወራቤ ሊመለሱ ተነሡ። ሃያት በጨዋታው ዓለም ጫፍ ላይ ቤት ሠራችና «ወራቤ» አለችው። የእኔ «ቦንጋ» ሆነ። ርቀቱ ለሞደሙ ስለበዛበት፣ መሃል ተራራ አናት ላይ መልእክት የሚያስተላልፍ ኮምፒውተር ያለበት ማማ አቆምንና «ጅማ» አልነው፤ መንገዱ በዚያ ነዋ። አንዳችን ጅማ ቆመን፣ ሌላዋ ከቤቷ እየላከች ሞከርነው። ሠራ።

«ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ ነው የምትላላኩት? አፍ የላችሁም እንዴ?» አሉን ጋሽ ታምራት።

«በአፍ ያስለቅሳል፣ ጋሼ» አለች ሃያት።

የሚሄዱ ዕለት ዕቃቸውን የጫነው አይሱዙ ደጅ ቆሟል። በጨዋታው እሷ ወራቤ፣ እኔ ቦንጋ ገባን። ስክሪኗን በሻርፗ ከልላ ብዙ ጻፈች። የመኪናው ክላክስ ጮኸ። ላከችው፣ ጨዋታዋን ዘጋች፣ አንገቴን አቀፈችኝ።

«ከሄድኩ በኋላ አንብቢው፣ እሺ?»

አይሱዙው ከታጠፈ በኋላ ዞሬ አየሁ። ስክሪኔ ባዶ ነበር።

ያኔ ነው የገባኝ። በዚያ ጨዋታ አጠገቡ ሰው የሌለ ኮምፒውተር ይተኛል፤ የተላከለትን አይቀበልም። ስንሞክረው ሁሌ አንዳችን ጅማ ነበርን፤ የዚያን ቀን ግን ሁለታችንም ቤታችን ገባን። በጨዋታው ውስጥ እየሮጥኩ ጅማ ደረስኩ። ማማው ነቃ፤ የሚያስተላልፈው ግን የለውም። ወራቤ ድረስ ዘለቅኩ። ቤቷ ውስጥ ችቦው ይበራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ጋሽ ታምራት አዩኝና «ሱቁን አልዘጋም፣ ቆዪ» ብቻ አሉ።

የአባቷ ስልክ ከዚያ ወዲያ አልሠራም። የጻፈችውን እስከ ዛሬ አላውቅም።

የቦንጋው መኪና ሞላ። እናቴ በመስኮት «ነይ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል?» አለችኝ።

«ትንሽ ብቻ፣ እማ» አልኳት። መሃል ላይ ሰው ከቆመ መልእክቷ ያልፋል ብዬ ነው መሰለኝ፣ ብርቱካኔን ይዤ ጅማ ላይ ትንሽ ቆየሁ።