የፈጠርኩት የእርቅ ድንጋይ

አሶሳ አጠገብ ያለችው መንደራችን በደርግ ዘመን ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች የመሠረቷት ናት፤ እንዲያ እየተባልን ነው ያደግነው። ታሪካዊ ቅርሶቿን ልይ የሚል እንግዳ ቢመጣ ጠዋት ጀምሮ ከምሳ በፊት ይጨርሳል፣ ሻይ የሚጠጣበትም ጊዜ ይተርፈዋል። የዛገ ትራክተር አለን፤ የሰፈራ ጊዜ ያርስ ነበር፣ ዛሬ ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉበታል። የእጅ ውሃ ፓምፕም አለን፤ ወረፋው ላይ ያልተጣላ የመንደሩ ሰው የለም። ከዚያ ጣራውን ነፋስ የወሰደው መጋዘን አለ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ወረዳው ቀበሌዎች ሁሉ ታሪካቸውንና ቅርሳቸውን ጽፈው እንዲያስገቡ ሲያዝ፣ ሊቀመንበራችን ደብዳቤውን ይዞ እኔ ጋ መጣ። የታሪክ መምህር ስለሆንኩ ታሪክ የማመርት መስሎታል። ሦስቱን ቅርሶች ስቆጥርለት ፊቱ ጠቆረ።

"ጎረቤት ቀበሌ ሰባት አስገብቷል። እኛ በምን አንሰን ነው?"

"የሌለንን ከየት ላምጣ?"

"መምህር አይደለህ እንዴ? አስብ እንጂ።"

አሰብኩ። ከቤቴ ጀርባ፣ ከማንጎው ዛፍ አለፍ ብሎ፣ ግማሹ መሬት ውስጥ የተቀበረ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ላዩ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ጎድጓዳ ቦታዎች አሉት። ሻዬን እየጠጣሁ፣ "ጥንት ገዳይና የሟች ወገን የሚታረቁበት ድንጋይ ነው፤ ጎድጓዶቹ ገዳዩ ተንበርክኮ ምሕረት ሲለምን ጉልበቶቹ ያረፉባቸው ናቸው" ብዬ ጻፍኩ። ጉልበቶቹ ጋ ስደርስ በራሴ ተደንቄ ነበር። ድንጋይ እስኪጎደጉድ ድረስ ስንት ገዳይ መንበርከክ እንዳለበት የጠየቀኝ ሰው የለም።

ብዙም ሳይቆይ ቀበሌው ድንጋዩን በቀርከሃ አጠረው። ታሪኬ በሙሉ የተጻፈበት ቆርቆሮ ተሰቀለ፤ ከሥሩ "መንካት ክልክል ነው" ይላል። በድንበር ተጣልተው የከረሙ ሁለት ገበሬዎች እዚያ ሄደው ታረቁ። አጎቴማ ታሪኩን ከልጅነቱ ጀምሮ ከአያቱ ሲሰማው እንዳደገ ላገኘው ሁሉ ያወራ ጀመር። አያቱ ወሎን ለቀው ወጥተው አያውቁም። እኔም ዝም አልኩ፤ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ የወጥ አትክልቱ ባሚያ የሚለቀምበት ወቅት ደረሰ። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት አሮጊት የበርታ ብሔረሰብ እናት በየዓመቱ ባሚያቸውን ከትፈው የሚያሰጡት እዚያ ድንጋይ ላይ ነው። መሬት ላይ ምስጥ አያስቀምጥም፣ ድንጋዩ ግን ፀሐይ ሲመታው ቶሎ ያደርቃል። የዓመት ወጣቸውም ሆነ ገበያ ወስደው የሚሸጡት ከዚያው ነው። ያን ዓመት ቅርጫታቸውን ይዘው አጥሩ ጋ ሲደርሱ የቀበሌው ዘበኛ መለሳቸው። ማንበብ ስለምችል እኔ ጋ መጡ።

"ኡስታዝ፣ ቆርቆሮ ምን ይላል?"

አጥሩ ድረስ አብሬያቸው ሄጄ ገዳዩንም ጉልበቶቹንም አነበብኩላቸው። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"ጉልበት የለም" አሉ፣ ጎድጓዶቹን በጣታቸው እያሳዩ። "እዚህ ማሽላ ይፈጫል። ይሄ እናቴ ነው፣ ይሄ እኔ ነው። እናቴ በዚህ፣ እኔ በዚህ፣ አብሮ እንፈጫለን። ያን ጊዜ እናንተ ገና አልመጣም።"

ቅርጫታቸው ውስጥ ያለው ባሚያ መጥቆር ጀምሯል። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ሊቀመንበሩ ጋ ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ።

"ፋይሉ ወረዳ ገብቷል" አለኝ። "አሁን ወፍጮ ነው ብንል ሰው አይስቅብንም?"

"ባሚያውስ?"

"ሌላ ቦታ ያስጡት።"

በማግስቱ ገበያ ነበር፤ ሰው ሁሉ በዚያ ያልፋል። ገጀራዬን ይዤ ወጣሁና የአጥሩን ማሰሪያ እቆርጥ ጀመር። መጀመሪያ የደረሰው አጎቴ ነው፣ ከዘራውን እንዳነሳ።

"አያቴ የነገረኝን ነው አንተ የምታፈርሰው?"

"አጎቴ፣ እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ሻይ እየጠጣሁ ነው የጻፍኩት።" የቆመው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት።

አጎቴ ከዘራውን አወረደ። "አያቴም ቢሆን ውሸት ይወድ ነበር" አለና መንገዱን ቀጠለ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔው ግን በገጀራ ነው የጠራው። ተማሪዎቼ እስከ ዛሬ ክፍል ውስጥ እጃቸውን አውጥተው "መምህር፣ ይሄኛውንም እርስዎ ነዎት የጻፉት?" ይሉኛል። የታረቁት ገበሬዎች ግን ድጋሚ ለመጣላት ሰንፈው እንደታረቁ ቀሩ።

እናትየው ቅርጫታቸውን አመጡ። የጠቆረውን ለቅመን ጣልንና የተረፈውን አብረን በድንጋዩ ላይ በተንነው። ጎንበስ እንዳሉ ጠየቁኝ።

"ኡስታዝ፣ ድንጋዩን ሲጽፍ እኔን ለምን አልጠየቀም? ቤቴ ሩቅ ነው?"

ሩቅ አልነበረም። ከኔ በር እስከ እሳቸው በር ሠላሳ እርምጃ አይሞላም። እዚያች መንደር ተወልጄ፣ አድጌ፣ ታሪክ እስከማስተምር ድረስ ያን በር አንድም ቀን አንኳኩቼ አላውቅም።