ሦስት ጌሞች ላንድ ቴሌቪዥን

ቴሌቪዥኑ የእኔ ድርሻ ነበር፤ ሦስቱ ጌሞች የወንድሜ። አባታችን ከሚሴ ውስጥ ከመኖሪያ ቤታችን ጋር የተያያዘች፣ መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ጌም ቤት ነበረችው። እሱ ሲሞት ንብረቱን ሊያካፍሉን የተቀመጡት ሽማግሌዎች ዕድሜ ልካቸውን ከብትና ማሳ ሲያካፍሉ የኖሩ የጨፋ ገበሬዎች ናቸው። ጌም ቤት ውስጥ እግራቸውን አስገብተው አያውቁም። ትልቁን ዕቃ ለትልቁ ልጅ፣ ትንንሾቹን ሦስቱን ለትንሹ ሰጡ። በሬውን ለአንዱ፣ ፍየሎቹን ለሌላው እንደ ማለት ነው። ዱዓ ተደረገ፣ አሚን አልን፣ አለቀ።

በሬ ያለ ፍየል ያርሳል፤ ፍየልም ያለ በሬ ትወልዳለች። ጌም ግን ያለ ቴሌቪዥን አቧራ ከመጠጣት ሌላ ሥራ የለውም። እዚያ ከተቀመጥነው መሐል ይህን የምናውቀው እኔና ወንድሜ ብቻ ነበርን። እሱ ታናሽ ነውና በሽማግሌ ፊት አልተናገረም። እኔ መናገር እችል ነበር። ዝም ያልኩት ስለተመቸኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት ብፈልግለት መዋሸት ይሆንብኛል።

ሌላ ቴሌቪዥን አይገዛም ወይ የሚል ይኖራል። ጌሞቹ ያረጁ ናቸው፤ አንዱ በካሴት፣ ሁለቱ በሲዲ የሚሠሩ። ሦስቱም ጫፉ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ የሆነውን የድሮ ገመድ ነው የሚፈልጉት፤ አሁን በሚመጡት ስስ ቴሌቪዥኖች ላይ ደግሞ ያ ቀዳዳ እየጠፋ ነው። የእኛው ባለ ትልቅ ጀርባው ቀዳዳው አለው፤ ያለው ግን ላንድ ጌም የሚሆን ብቻ ነው። ስለዚህ አባታችን ሦስቱንም የሚያገናኝ የእንጨት ሳጥን ሠርቶ ከጀርባው በብሎን አሰረው። ማዞሪያውን ሲያዞሩት አንዱ ጌም ይሄዳል፣ ሌላው ይመጣል። አዛን ሲል ተጫዋቾቹን ጨዋታውን ባለበት ያስቆማቸውና ማዞሪያውን ምንም ወዳልተሰካበት ወደ አራተኛው ቦታ ይወስደዋል። ስክሪኑ ይጨልማል፣ ጌሙ ግን እንደበራ ነው። የካሴቱ ጌም ከጠፋ ከሀ ነውና የሚጀምረው፣ ሰግዶ የሚመለስ ሰው ልፋቱ እንዳይቀርበት ብሎ ነው። እንዲህ ለሰው የሚጠነቀቅ ሰው ልጅ ነኝ እኔ። ሳጥኑም ከቴሌቪዥኑ ጋር ወደ ቤቴ ሄደ።

ወንድሜ ጌሞቹን በጆንያ አስሮ ባቲ ወረደ። ሰኞ ሰኞ ለገበያ የሚጎርፈው ሰው ብዙ ነው፣ እዚያ ይቀናኛል ብሎ አንድ ክፍል ተከራየ። በወሩ ተመልሶ መጣ። ምሳ በልቼ ዜና እያየሁ ነበር። አልተቀመጠም።

«ወንድሜ፣ ቴሌቪዥኑን ላንድ ዓመት አውሰኝ። ወላሂ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ነው የምወስደው» አለኝ።

«ድርሻህን ወስደሃል።»

«ድርሻዬ ብቻውን ምን ይሠራልኛል?»

«ላካፈሉህ ሰዎች ንገራቸው» አልኩና ሪሞቱን አንስቼ ድምፁን ጨመርኩ።

የቀለድኩ መስሎት ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ሄደ። ነገሩን ለማንም አልተናገርኩም።

በዚያው ሰሞን፣ በአፋር በረሃ አቋርጠው ወደ ሳዑዲ ከሚሄዱት ጋር ወጣ። ባሕሩን ሳይሻገር አንድ ጊዜ ለእናታችን ደወለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። እናቴ ለጠየቃት ሁሉ «ሥራ በዝቶበት ነው» ትላለች። ሰውም «አብሽሪ» ብሏት ያልፋል።

ዘንድሮ፣ ባቲ ቤት ያከራየው ነጋዴ ጆንያውን በመኪና ላከልን። የጆንያው አፍ ወንድሜ እንዳሰረው ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አልፈታውም።

ቴሌቪዥኑን ተሸክሜ እናቴ ቤት ወሰድኩት። ለምን እንደሆነ የዚያን ቀን ብትጠይቁኝ እቆጣችሁ ነበር። አቧራውን አራገፍኩ፤ ገመዶቹን ቀለም በቀለም እያየሁ ሳጥኑ ላይ ሰካሁ። ባንደኛው ምስል መጥቶ ድምፅ እምቢ አለ። ገመዱ ውስጥ ለውስጥ ተበጥሶ ኖሯል፤ ላጥኩና ቀጠልኩት። ሁለተኛውም እሺ አለ። ሦስተኛው የካሴቱ ጌም ነው። ካሴቱን ነቅዬ እፍ አልኩበት፣ መለስኩት፣ ማዞሪያውን ወደሱ አዞርኩ። የመክፈቻው ሙዚቃ ቤቱን ሞላው። ደስ አለኝ። የሆነ ነገር የጠገንኩ መሰለኝ።

ወንድሜ ከትምህርት ቤት በተመለሰ ቁጥር ጌም ቤት ገብቶ መጀመሪያ የሚከፍተው ይህንን ነበር። እኔ ረስቼው ነበር።

«መጣህ? ነጋን ዱፍቴ? በሰላም መጣህ ልጄ?» አለች እናቴ ከጓዳ።

እየሮጠች ወጣች። ሻሿ ወልቆ ትከሻዋ ላይ ወድቋል፤ እጇ እስከ ክንዷ ሊጥ ነው። እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ከኋላዬ ያለውን በር አየች፤ እንደገና እኔን።

«እኔ ነኝ እማ» አልኳት።

ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ መሬት ተቀመጠች። ከዚያ በላይ ይዤው መኖር አልቻልኩም። ከመሄዱ በፊት መጥቶ ቴሌቪዥኑን እንደለመነኝ፣ እንደከለከልኩት፣ ብሰጠው ኖሮ ባቲ ይቀር እንደነበር ነገርኳት። እግሯ ሥር ተንበርክኬ «አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት።

ሙዚቃው አልቆ ከመጀመሪያው ጀመረ።

«ካንተ ወጥቶ እኔ ዘንድ መጥቶ ነበር» አለች። «ወንድሜን አንቺ ለምኚልኝ አለኝ። እኔ ደግሞ ልጆቼ በዕቃ እንዳይጣሉብኝ ብዬ፣ ተወው፣ ሂድና ሌላ እንጀራ ፈልግ አልኩት።»

የእጇን ሊጥ እያየች፣ «እኔንስ ማን አፉ ይበለኝ?» አለችኝ።